ድንጋይ የሚንሳፈፍበት ውሃ

ቤልግሬድ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1986

ከልጅነቴ ጀምሮ "ባቴ" ለምልህ ለታላቅ ወንድሜ ለትራይቼ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። የላካችሁት የተጠበሰ የቃሪያ ድልህ ደርሶኛል። አንዱ ጠርሙስ መንገድ ላይ ተሰብሮ አውቶቡሱን በሙሉ በእማማ ወጥ ቤት ሽታ ሞልቶት ነበር አሉ። ሹፌሩ ዕቃውን ሲሰጠኝ "እህቴ፣ እስክንደርስ ድረስ ምራቃችንን ስንውጥ መጣን" አለኝ።

ለወይን ለቀማ ስላልመጣሁ መቀየምህ ተገቢ ነው። "ሁለት ቀን እንኳን?" ብለህ በመጻፍህ እውነት አለህ። ሥራው አላፈናፍን ብሎኝ ነው፣ ይቅር በለኝ። አዲሱ ጫማዬም እግሬን እየላጠኝ ስለሆነ የኛን ዳገት የምወጣበት አቅም አልነበረኝም። ለእማማ ግን ሥራ በዝቶባት ነው በላት።

አብረውህ የሚቆፍሩት ሰዎች "የምንቆፍረውን ድንጋይ እህትህ ምን ታደርገዋለች?" ብለው ሲጠይቁህ የምትመልሰው እንዳጣህ ጽፈሃል። እንዲህ በላቸው። ድንጋዩን የስኳር ፍሬ እስኪያክል እንሰብረዋለን። ቀዩ፣ ቢጫውና የምንፈልገው ሁሉ እንደተደባለቀ ከባድ ፈሳሽ ውስጥ እንጨምረዋለን። ፈሳሹ ታሊየም ከሚባል ብረት ጨው የተሠራ ነው። ለዓይን ውሃ ይመስላል፣ ብልቃጡን ስታነሣው ግን እጅህን ወደ ታች ይጎትተዋል። ቀዩ ድንጋይ በላዩ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፣ የኛው ይሰምጣል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሳቄ አመለጠኝ። ድንጋይ ሲዋኝ አስበው!

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዶክተር ቬሊሚር እንደሚሉት፣ ከፀሐይ የሚመጣ፣ ተራራውን ዘልቆ የሚያልፍ የማይታይ ነገር አለ። በኛ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ አንዳንዴ አሻራውን ይተዋል። ድንጋዩ ደግሞ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት እዚያ ተቀምጧል። አሻራውን ማንበብ ከቻልን ፀሐይ በጥንት ዘመን እንዴት ትነድ እንደነበር እናውቃለን። ሰውየው ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

"መርዝ ነው ወይ?" ላልከኝ፣ አዎ መርዝ ነው። ሽታም ጣዕምም የለውም። እኛ ግን ጓንት አለን፣ እኔም ልጅ አይደለሁም።

የቆፋሪዎቹ አለቃ በመሆንህ እንኳን ደስ ያለህ። አባታችን የሠራበትን ጉድጓድ አንተ ስትከፍተው ማየት ነበረበት።

እህትህ ሎዛና

*

ጎርና ሩዳ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1986

የኔ ሎዜ፣

እኛ ደህና ነን። ትናንት የቅዱስ ዲሚትሪን በዓል አክብረናል። የአንቺ ወንበር ባዶ መሆኑ ስለሚያስከፋት እማማ የዳቦውን መሶብ አስቀመጠችበት።

የነገርሽኝን ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ጎረቤታችን ስፒሮ፣ ከጀርመን ፋብሪካ ሥራውን ትቶ የመጣው፣ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አያትና "እሷ ዕድሜዋን ስለደበቀች ነው እንዴ የኔ ወገብ የሚቆረጠው?" አለ። ጉድጓዱ በሳቅ ሊናድ ነበር።

ሥራው እስከ መቼ ይቀጥላል ብለሽ ጠይቀሻል። ከተማ ያሉት ኃላፊዎች "የእህትህ ተቋም ድንጋይ እስከፈለገ ድረስ" ይሉኛል። መንገዱ ጠጠር ለብሷል፣ አውቶቡሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይመጣል። ስፒሮ ከተማ የነበሩትን ሚስቱንና ልጆቹን ስላመጣ ሊዘጋ የነበረው ትምህርት ቤት ዘንድሮ ተርፏል። ይሄን ሁሉ ያመጣችው የትራይቼ እህት ናት ይላሉ። እማማ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቦታ ይለቁላታል፤ እሷም ያላየች መስላ ትቀመጣለች።

ፖስታ ቤት ደውለሽ ሳለ እማማ ለምን እንዳልመጣች ላልሽው፣ ተቀይማሽ ነው። የላክሽውን ፎቶግራፍ ይዛ "ይቺ ልጅ ሻሽ ያሰረችው ምን ሆና ነው? ከልጅነቷ ጀምሮ ሻሽ ሳስርላት እያወለቀች የምትጥል!" ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት?

ወንድምሽ ትራይቼ

*

ቤልግሬድ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1986

ባቴ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ጽሕፈቴም እንደ ዶሮ ጭረት ስለሆነ ይቅርታ፣ እስክሪብቶው ነው።

ሻሽ እዚህ ፋሽን ሆኗል በላት። ቀይ ሻሽ ያላሰረች ሴት ቤልግሬድ ውስጥ የለችም።

ለእማማ ልደት እመጣለሁ ማለቴን አልረሳሁም፤ አሁን ግን አልችልም። አንተም ለጊዜው አትምጣ፣ ቤቱ እየታደሰ ነውና የምትተኛበት የለም። ዶክተር ቬሊሚር ትናንት ብርቱካን ይዘው መጥተው ሰላም በዪልኝ ብለዋል። የላካችሁት ድንጋይ ከሁሉም የጠራ ነው ብለዋል፤ ስፒሮና ጓደኞቹ እንዲሰሙት ንገራቸው።

ሎዛና

*

ጎርና ሩዳ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1986

አንቺ ልጅ፣

እኔን ማን አድርገሽኝ ነው? አለቃ የሠራተኛው ቤት ብርቱካን ይዞ የሚሄደው ሠራተኛው አልጋ ላይ ሲሆን ነው። ተቋሙ ደወልኩ። አንዲት ሴት "ሎዛና በሕመም ፈቃድ ላይ ናት" አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ስላት ስልኩን ዘጋችው።

እውነቱን ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ የሚቀጥለው አውቶቡስ ላይ ነኝ።

ትራይቼ

*

ቤልግሬድ፣ ሆስፒታል፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1986

ባቴ፣

አትምጣ። እውነቱን እጽፍልሃለሁ፣ ና ግን አልልህም፤ በዚህ መልኬ እንድታየኝ አልፈልግም።

ጫማው አልነበረም። እግሬ ያቃጥለኝ የጀመረው ከለቀማው በፊት ነው። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር፣ ኋላ ግን ፍም ላይ የቆምኩ ያህል ሆነ። አሁን አንሶላ ሲነካኝ ስለምጮህ ነርሶቹ አልጋዬ ላይ ሽቦ ቀስት አድርገው አንሶላውን በላዩ ዘርግተውልኛል። ከዚያ ሆዴን ቆረጠኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጠጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ። ሐኪሞቹ ነርቭ ነው፣ ድካም ነው ሲሉ ቆዩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጥፍሬ ላይ ያለውን ነጭ መስመር አይተው የት እንደምሠራ ጠየቁኝ።

ታሊየም ነው። ያ ጨው።

መድኃኒት አለው፣ አትደንግጥ። ሠዓሊዎች የሚቀቡት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ነው፣ በእንክብል አድርገው ያስውጡኛል። ምላሴም ጥርሴም ሰማያዊ ሆኗል። ያየኝ ሰው የቀለም ቆርቆሮ የላስኩ ይመስለዋል። መርዙን አንጀቴ ውስጥ ይዞ ያወጣዋል ይላሉ። ከሞት ተርፈሻል ብለውኛል፤ ስለ እግሬ ግን ቃል አይሰጡኝም።

እንዴት ገባብኝ? የተጠቀምንበት ፈሳሽ ሲቀጥን በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ አድርገን መልሰን እናከብደዋለን። ይህ የሚሠራው አየር በሚስብ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑ ማራገቢያ ከፀደይ ጀምሮ ቆሟል። ለዶክተር ቬሊሚር ደጋግሜ ነግሬያቸው "በሚቀጥለው ወር ይጠገናል፣ እስከዚያ መስኮት ክፈቱ" ይሉኝ ነበር። ጓንቱም የተነደለ ኖሮ ይሆናል። ብቻ ገባ።

ትናንት ዶክተሩ መጥተው ነበር። ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሎዛና፣ ከሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ጓንት ሳላደርግ ነው ብትያትስ?"

"አድርጌ ነበር እኮ ዶክተር።"

"አውቃለሁ። ማራገቢያው አይሠራም ነበር ካልሽ ግን ላቦራቶሪውን ያሽጉታል። የታሸገ ላቦራቶሪ ድንጋይ አይፈልግም። ድንጋይ ካላስፈለገ ደግሞ ወንድምሽ..."

 ክፉ ሰው አይደሉም ባቴ። እሳቸውም ይህን ፈሳሽ በባዶ እጃቸው ነክተው ያረጁ ናቸው፣ ስኒ ሲያነሡ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ከድንጋዩ በቀር ቤትም ልጅም የላቸውም።

እስካሁን አዎም እምቢም አላልኩም። የኔን ሥራ አሁን የምትሠራው ራዶይካ ናት፣ ዓምና ያገባችው ልጅ። ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ምን ትለኛለህ?

ሎዛና

*

ጎርና ሩዳ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1986

ሎዜ፣

ደብዳቤሽን ወይን ቦታው ሄጄ ብቻዬን አነበብኩት። ለእማማ ጉንፋን ነው አልኳት። አንሶላው እግርሽን እንደሚያቃጥልሽ ካነበብኩ ወዲህ ብርድ ልብስ እግሬን ሲነካው እያወጣሁት ነው የምተኛው። ሚስቴ "ምን ሆንክ፣ በዚህ ብርድ?" ትለኛለች።

መጥቼ ልየሽ አልኩ፣ አትምጣ ብለሽኛልና እጠብቃለሁ።

አሁን የምጽፈውን ከመጻፌ በፊት ስፒሮን ብቻ አማከርኩት። ጣሪያው ላይ ሆኖ ሸክላ እየቀየረ ነበር። ነገሩን ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ "ልጆቼ ገና አሁን እያወቁኝ ነው፣ ትራይቼ። ትንሹ እስከ ባለፈው ወር ድረስ 'ሰውዬው' ነበር የሚለኝ፤ አሁን አባባ ይለኛል" አለኝ። ከዚያ መዶሻውን መልሶ አነሣ።

የሆነው ሆኗል፣ ሎዜ። አንቺ ተርፈሻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዶክተሩ የሚሉሽን በይ። እስከ ፀደይ ብቻ። እስከዚያ ማራገቢያውን እንዲጠግኑ አስምያቸው። ልጅቷንም ተጠንቀቂ በያት። እምቢ ካልሽኝ... አይ፣ እምቢ አትበይኝ።

ትራይቼ

*

ቤልግሬድ፣ ሆስፒታል፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1987

ባቴ፣

ራዶይካ ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ናት።

ያልከኝን አድርጌ ነበር። ለዶክተሩ "እሺ፣ ጓንት አላደረግሁም እላለሁ፤ ማራገቢያውን ግን አስጠግኑ" አልኳቸው። እጄን ስመው ሄዱ። ማራገቢያውን የሚጠግን ሰው ከበዓል በኋላ ይመጣል ተባለ። ራዶይካም መስኮት ከፍታ ሠራች።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ማበጠሪያዋን ይዛ አልጋዬ ድረስ መጣች።  ጠጉሯ የሞላበትን ማበጠሪያ አሳየችኝና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሁን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ሰማያዊውን እንክብል ስትውጥ "መድኃኒቱ ሕፃኑም ዘንድ ይደርሳል?" ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው። ሐኪሙ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

ተቆጣጣሪዋን ራሴ አስጠራኋት። ጓንት አድርጌ ነበር፣ ማራገቢያው ቆሞ ነበር፣ ለኃላፊው ተናግሬ ነበር አልኳት። በዚያው ዕለት በሩን አሸጉት። ሥራ አቁሙ የሚለው ትእዛዝ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ሳይደርስህ አይቀርም።

ባለፈው ወር መናገር ስችል ዝም አልኩ። ዝምታውን የጠየቅከኝ አንተ ነህ፣ የሰጠሁህ ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ አንተን ብቻ አልወቅስም። ለስፒሮ ምን እንደምትለው አላውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ ልል ብዕሬን አነሣሁና፣ ለየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

ሎዛና

*

ጎርና ሩዳ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1987

ለሎዛና፣

ትእዛዙ ቀድሞ ደርሷል። የጉድጓዱን አፍ በእንጨት ዘግተን መሣሪያውን አስረክበናል።

ሰዎቹ ታመው እንደሆነ ጠይቀሻል። ከስኮፕዬ ሐኪሞች መጥተው ደማችንንም ሽንታችንንም ወሰዱ። አንድም የታመመ የለም። ስፒሮ ውጤቱን ሲሰማ "እንግዲህ በሙሉ ጤና ልራብ ነው" አለ። በማግሥቱ ወደ ጀርመን ሄደ። ሚስቱና ልጆቹ ከተማ እናቷ ዘንድ ተመልሰዋል። ትምህርት ቤቱ እስከ ክረምት ነው የሚቆየው።

ለእማማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም ቦታ አይለቅላትም። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እኔንም አታናግረኝም።

እናንተ የተማራችሁ አንድ ነገር ትናገሩና በሩ ይታሸጋል። እዚህ ግን ሰው ነው የሚበተነው። ልጅቷ ታመመች፣ አዝናለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ትራይቼ

*

ቤልግሬድ፣ ማርች 3 ቀን 1987

ባቴ፣

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። አዎ፣ እማማ እኔ ዘንድ ናት። ሳትነግርህ መውጣቷን አላወቅሁም ነበር።

ከስኮፕዬ ወዲያ ሄዳ የማታውቅ ሴት፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ቀይራ፣ የዱባ ኬክ በፎጣ ጠቅልላ ሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ቆመች። መላጣ ራሴን አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ "ጆሮሽ የአባትሽ ነው፣ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወደ ራዶይካ ዞራ "አንቺስ፣ ሆድሽን ይዘሽ ጣሪያ የምታዪው እዚያ የተጻፈ ነገር አለ? ተነሽ፣ ብዪ" ብላ ኬኩን ቆረሰችላት። ራዶይካ ከመጣች ወዲህ ያን ያህል ስትበላ አይቼ አላውቅም።

ዶክተር ቬሊሚር በዚያው ቀን መጡ። ከሥራ ታግደዋል፣ ግን መምጣት አላቆሙም። እማማ ከወንበሯ ሳትነሣ፣

"ቬሊሚር የሚሉህ አንተ ነህ?" አለቻቸው።

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"ልጄን 'ጓንት አላደረግሁም በዪ' ያልካት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ወንዱ ልጄም በዪ ብሏታል። ለሁለታችሁም እግዚአብሔር ይዘንላችሁ። አሁን ተቀመጥ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

ሰውየው ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እማማ እኔ እስከምራመድ ድረስ አትሄድም። ፍየሎቹን ሚስትህ ታያቸዋለች ብላለች። አንተ ስለራስህ ምንም አልጻፍክም።

ሎዛና

*

ቤልግሬድ፣ ጁላይ 2 ቀን 1987

ባቴ፣

ለሁለቱ ደብዳቤዎቼ አልመለስክም። አልጠየቅከኝም፣ ግን እነግርሃለሁ።

ራዶይካ ሴት ልጅ ወለደች። ቀኗ ሳይደርስ ነው፣ ክብደቷ ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ትተርፋለች የሚል አልነበረም። ትናንት ግን ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚሞቁበት የመስታወት ሳጥን አውጥተው ለእናቷ ሰጧት። ስታለቅስ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አታቋርጥም። ወደፊት ምን ዓይነት ልጅ እንደምትሆን ማንም ሊነግረን አልቻለም። ስሟን ዳኒሳ ብለዋታል።

እኔ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ጠጉሬ ወጥቷል፣ የወታደር ያህል ነው። ቀኝ ዓይኔ ደብዝዟል፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አልመለስም። ራዶይካ ሥራ ስትጀምር ሕፃኗን ልጠብቅላት ተስማምተናል። እማማ እሑድ በባቡር ትመለሳለች። ጣቢያ ተቀበላት፣ አኩርፋም ቢሆን ሻንጣዋ ከባድ ነው።

ሎዛና

*

ሽቱትጋርት፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1987

ሎዜ፣

የት እንዳለሁ ከማኅተሙ አይተሻል። ስፒሮ እሱ ያለበት ፋብሪካ አስገባኝ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እንኖራለን። እቤት የቀሩት እማማና ሚስቴ ደህና ናቸው። እማማን ያን እሑድ ጣቢያ ተቀብያታለሁ። ሻንጣውን ስወስድላት "እህትህ ምርኩዝ ይዛ ሦስት ፎቅ ትወጣለች" አለችኝ። ቤት እስክንደርስ ያወራችው እሱን ብቻ ነው።

ለምን ዝም እንዳልኩሽ እማማ ስትጠይቀኝ ተናድጄ ነው አልኳት። ውሸት ነው። መናደዱስ ወዲያው አለፈ። "እስከ ፀደይ ብቻ" ያልኩት ቃል ነው በየቀኑ የሚያንቀኝ። ልጅቷ የታመመችው በዚያ መሀል ነው።

ወደዚህ ስመጣ ባቡሩ ቤልግሬድ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ወረድኩ። እማማ የነገረችኝን መንገድ ይዤ ሄድኩ። ከቤትሽ ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ቆምኩ። አንቺ ስትወጪ አየሁሽ። በአንድ እጅሽ ምርኩዝ ይዘሻል፣ በአንዱ የሕፃን ጋሪ ትገፊያለሽ። አንድ እርምጃ ሄደሽ ትቆሚያለሽ፣ ጋሪውን ትገፊያለሽ፣ ደግሞ ትሄጃለሽ። አስፋልቱን ስትሻገሪ መኪኖቹ ቆመው ጠበቁሽ። ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ተመልሼ ባቡሩ ላይ ወጣሁ።

ሎዜ፣ ይቅር በይኝ ብዬ ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ስፒሮን ጠይቂው። እሱ "ላክላት እንጂ፣ ወረቀት ፈጀህብን" ብሎ ነው ይሄኛውን ከእጄ የቀማኝ።

ለገና እረፍት ይሰጡናል። ባቡሩ ቤልግሬድ ሲደርስ እወርዳለሁ። ብመጣ ትከፍችልኛለሽ?

ወንድምሽ ትራይቼ

*

ቤልግሬድ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1987

ባቴ፣

ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ደወሉ አይሠራም፣ በእጅህ አንኳኳ። ከወንበሬ ተነሥቼ በሩ ጋ እስክደርስ ጊዜ ይወስድብኛል። የሌለሁ መስሎህ እንዳትሄድ። ቆመህ ጠብቀኝ።

እህትህ ሎዛና